ኅዳር ሲታጠን



ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ዓመት ኅዳር 12 ቀን ሲመሻሽ በዚህ በሰፈራችን የተነሣው ክርክር ነው። ብዙዎቻችሁ ስለ ነበራችሁበት ዝርዝሩን አላበዛም። አንዲት እናት የግቢያቸውን ጥራጊ ከደጃፋቸው ከምረው ክብሪት ጫሩበት። ጎረቤታቸው የሆነው ወጣት ጣሪያው ሣርና ላስቲክ መሆኑን ያውቃልና ባልዲ ውኃ ይዞ ሮጠ። «እማማ፤ ሊያቃጥሉን ነው እንዴ?» ቢላቸው፣ «አንተ ልጅ፤ ዛሬ እኮ ኅዳር ሲታጠን ነው! በሽታ ዝም ብሎ ይግባ ነው የምትለው?» አሉት። ከዚያ በኋላ ግማሹ ሰው ከእሳቸው፣ ግማሹ ከልጁ ጋር ወግኖ እስኪጨልም ድረስ ሲሟገት ቆየ። በዚህ መካከል እዚሁ ተወልዳ ያደገች የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ «ለምንድን ነው የሚታጠነው?» ብላ ጠየቀች። አንዱ ለሚካኤል ነው አላት፤ አንዱ ለወባ ትንኝ ነው አላት፤ ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ የአዲስ አበባ ሰው ልማድ ነው አላት። ጥያቄዋ መልስ ሳያገኝ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ።

እኔ በበኩሌ የዚያን ዕለት ዝም አልሁ። ነገሩ በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። ስለ ጢሱ ለመናገር ሰፈሩን፣ ስለ ሰፈሩም ለመናገር ወራቱን ማንሣት ግድ ይሆናል።

የአገራችን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ይከፍሉታል። ክረምት መስከረም 25 ቀን ሲያልቅ መፀው ይገባል፤ ታኅሣሥ 25 ቀን ይወጣል። ከተሜው ግን ይህን ስም እምብዛም አይጠራውም። መስከረምን «ፀደይ» ማለት በሬዲዮም በዘፈንም ተለምዷል፤ እንደ ሊቃውንቱ አቈጣጠር ግን ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። ባላገሩ «ጥቢ» ብሎ ይገላገላል። ስለ ስሙ ከማንም ጋር አልጣላም። እኔ የምለው ዝናቡ ቆሞ ጭቃው ሲደርቅ፣ ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ እስከ ነቢያት ጾም መግቢያ ያለውን ጊዜ ነው።

«ሰፈር» የሚለውንም ቃል እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ከጥንት ሰፈር ማለት ጦር ወይም መንገደኛ ድንኳን ተክሎ የሚያርፍበት ቦታ ነው። አዲስ አበባም ስትጀመር እንዲሁ ነበረች። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውኃ አጠገብ ቤት ካሠሩበት ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ፣ መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ እየተሰጣቸው ከነጭፍራቸው ሰፈሩ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ትዝታዎች ናቸው። በሥራቸው የተጠሩም ነበሩ፤ አንጥረኛውና ባለ እጁ የተሰበሰበበት ሠራተኛ ሰፈር ተባለ። እንግዲህ ዛሬ በናፍቆት «ሰፈሬ» እያልን የምናወራው ሁሉ መነሻው ካምፕ ነው። ከወሎም፣ ከጎጃምም፣ ከጉራጌም፣ ከጋሞም የመጣው ሰው ዘመዱን ትቶ፣ የማያውቀው ሰው አጠገብ ጎጆ ቀልሶ የተቀመጠበት ቦታ ነበር። እንዲህ ያለው ቦታ በምን በምን ነገር ሰፈር እንደሚሆን የመፀውን ወራት በአንድ ሰፈር ውስጥ ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል።

እኔ ያደግሁት ከእንጦጦ ሥር፣ ሽሮ ሜዳ ነው። አባቶቻቸው ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች የበዙበት ሰፈር ነው። ሸማኔ እግሩን ከጉድጓድ ከትቶ ቀኑን ሙሉ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲወረውር የሚያሰማው ድምፅ ለእኛ የሰዓት ያህል ነበር። በክረምት ድሩን ደጅ መዘርጋት አይቻልም። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ግን በየአጥሩ ሥር ችካል እየተተከለ ነጩ ድር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘረጋል። ትምህርት ቤት የምንሄድ ልጆች ደብተራችንን በጋዜጣ ሸፍነን፣ በድሩ ሥር ጎንበስ እያልን እናልፍ ነበር። የነካ ልጅ ወየውለት!

የእንቁጣጣሽን አበባ፣ የመስቀልን ችቦና ደመራ እናንተም ታውቁታላችሁና አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ትልቁ ደመራ የሚለኮሰው በመስቀል አደባባይ ነው፤ አደባባዩም በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተብሎ ነበር። የሰፈሩ ደመራ ግን ስሙም ቦታውም ሳይለወጥ እዚያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ይተከል ነበር። ለደመራው እንጨት ያላዋጣ ቤት አልነበረም። ለመስቀል አገሩ የሚገባው ጉራጌ ደግሞ ሱቁን ዘግቶ ስለሚሄድ፣ ስኳርና ጨው አስቀድሞ ያልገዛ ሰው ለሳምንት ከጎረቤት ሲበደር ይሰነብታል።

ጥቅምት የሥራ ወር ነው። የክረምቱ ዝናብ ያራገፈውን የግድግዳ ጭቃ መልሶ መምረግ አለ። ጭድና ጭቃው በእግር ይረገጣል፤ ይህ የልጆች ሥራ ነው፤ ከደስታችን የተነሣ ለማንኛውም ቤት እንረግጥ ነበር። ፍራሹና ቁርበቱ ሁሉ ፀሐይ እንዲመታው ይወጣል፤ ቁንጫው ይራገፋል። የባቄላ እሸት በሸክም ይመጣል። ትኩስ በርበሬ ገበያ ላይ ሲረክስ እናቶች በማኅበር ይገዙና በሰሌን ላይ ያሰጡታል። ሙቀጫው ሲጀመር መንገዱ ሁሉ ማስነጠስ ነው፤ የሚያልፈው ሰው እያስነጠሰ «እግዜር ይባርክ!» ይላል። በርበሬውን አንዷ ትቀነጥሳለች፣ አንዷ ትወቅጣለች፣ አንዷ ትነፋለች፤ የማን በርበሬ እንደ ሆነ ለማወቅ ያስቸግራል። ወሬውም አብሮ ይወቀጣል። በእኔ ግምት የሰፈር ፍርድ ቤት የሚባል ነገር ካለ ይህ የበርበሬ ቀን ነው። ማን ማንን እንዳስቀየመ፣ የማን ልጅ እንደ ታመመ፣ የማን ቤት ምሶሶው እንደ ዘመመ ሁሉም እዚያ ይሰማል፤ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ ተመርጦ ያድራል።

ኅዳር ሲገባ ብርዱ ይከራል። ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች፣ ከሸክሙ ብዛት ጎብጠው ከሩቅ ሲታዩ የሚራመድ ቁጥቋጦ ይመስላሉ። ኅዳር 6 ቁስቋም ማርያም ትነግሣለች፤ የጽጌ ወር አልቆ ማኅበርተኛው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ይወጣል። ከስድስት ቀን በኋላ ኅዳር ሚካኤል ይውላል፤ ኅዳር 15 ጾም ይገባል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል፣ በ12ኛው ቀን፣ እያንዳንዱ ቤት ከአልጋው ሥር፣ ከጓሮው፣ ከጣሪያው ሽንቁር የተጠራቀመውን አውጥቶ ከደጁ ይከምራል። የተቀደደ ሰሌን፣ የወለቀ ጫማ፣ አሮጌ ቅርጫት፣ ቅጠል ሁሉ ይቃጠላል። የሚያወጣው ክርስቲያኑ ብቻ አልነበረም፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም አብረው ይጠርጉ ነበር። ከእንጦጦ ላይ ሆኖ ወደ ታች ለተመለከተ ሰው ከተማዋ በጢስ ተውጣ አትታይም።

አያቴ በዚያ ቀን ወሬ አይወዱም ነበር። ከጢሱ አጠገብ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ ከበርበሬው ቀን ጀምሮ የሚስቁት ሴትዮ ዝም ይላሉ። አንድ ዓመት ላይ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ጠየቅኋቸውና ነገሩኝ።

በ1911 ዓ.ም. አያቴ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ቤታቸው ሠራተኛ ሰፈር ነበር። ንግሥት ዘውዲቱ ከነገሡ ሁለት ዓመት ሆኗል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ ከገባ ገና አንድ ዓመት ተኩል ቢሆነው ነው። በአውሮፓ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የቆመው ኅዳር 2 ቀን ነው፤ በዚያው ሰሞን ግን ከጦርነቱ ይልቅ ብዙ ሰው የጨረሰ ኢንፍሉዌንዛ በመርከብና በባቡር፣ ወደ አገሩ በሚመለስ ወታደር ትንፋሽ ዓለምን ይዞር ነበር። በመላው ዓለም የሞተውን ሰው ከ20 እስከ 50 ሚሊዮን የሚያደርሱት ብዙዎች ናቸው። በእኛ አገር «የኅዳር በሽታ» ተባለ። በአዲስ አበባ ብቻ ከ5,000 እስከ 10,000 ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጽኑ ታመው የተረፉ መሆናቸውን በኋላ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ገልጸውታል። የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ያኔም ነበረ፤ ሐኪሞቹ ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እነርሱም ቢሆኑ መድኃኒት አልነበራቸውም። በሽታው የሚመጣበት ተሐዋሲ በሰው ላይ ተለይቶ የታወቀው እንኳ በእንግሊዝ አገር በ1925 ዓ.ም. ነው።

ይህ በሽታ ከሌላው የሚለይበት አንድ ጠባይ ነበረው። ጉንፋን ወትሮ የሚጥለው ሕፃንና ሽማግሌ ነው፤ የኅዳር በሽታ ግን ጉልበት ያለውን፣ ከሃያ እስከ አርባ ዓመት ያለውን ሰው በብዛት ጣለ። ይህን ነገር ሳስብ የዚያን ዘመን ሰፈር ጭንቀት ከቁጥሩ ይልቅ ይገባኛል። መቃብር የሚቆፍረው፣ ቃሬዛ የሚሸከመው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚፈልጠው ያ ሰው ነውና። እርሱ ሲወድቅ የተረፉት አሮጊቶችና ልጆች ናቸው። ሬሳ ሳይቀበር መሰንበቱ፣ ጅብም መድፈሩ የተነገረው ለዚህ ነው። ቀባሪ የጠፋው ሰው ስለ ጨከነ አልነበረም።

በአያቴ ቤት ሰባት ነበሩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አራቱ ሞቱ። እናታቸው፣ ሁለት አጎቶቻቸውና ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። አባታቸው ራሱ እያተኰሰው ሬሳውን በሰሌን እየጠቀለለ አወጣ። አልቃሽ አልመጣም። የሚመጣ ሰው ቢኖርም ወደ የትኛው ቤት ይሂድ? በየቤቱ አለ። ሰው በሽታው ካየሩ ነው የሚመጣው ብሎ ስላመነ የወይራውን እንጨት፣ የባሕር ዛፉን ቅጠል፣ ያገኘውን ጥራጊ ሁሉ ከደጁ አጨሰ። በሽታው ጋብ ያለው ለኅዳር ሚካኤል ነው ይባላል፤ ስለዚህ ቀኑ 12 ሆኖ ቀረ።

ጢሱ በሽታውን አላጠፋውም። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ፤ የሚያስቀይመኝ ሰው ካለም ይቅርታ። በትንፋሽ የሚተላለፍን በሽታ ጢስ አይገታውም፤ እንዲያውም የታመመውን ሳንባ ያባብሳል። የመጥረጉ ነገር ግን ሌላ ነው። አይጥ፣ ቁንጫና ዝንብ የሚራቡት በጥራጊው ውስጥ ስለሆነ፣ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ከተማው ሁሉ በአንድ ላይ መጥረጉ አንዳንዱን በሽታ ሳይቀንስ አይቀርም። ዛሬ የከተማው ባለሥልጣናት ጥረጉ እንጂ አታቃጥሉ ብለው ሲያሳስቡ ይሰማል። ልክ ናቸው፤ አሁን የሚቃጠለው ደግሞ ቅጠልና ሰሌን ብቻ ሳይሆን ላስቲክና ፕላስቲክ ነው።

ከዚያ ኅዳር የተረፈው ግን ጢሱ ብቻ አይመስለኝም። ስለ እድር ያጠኑ ሰዎች እድር በዚህ መልኩ የታወቀው በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ፣ በከተማ፣ ዘመዳቸውን ትተው በመጡ ሰዎች መካከል እንደ ሆነ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያም ወዲህ እንደ ተስፋፋ ይናገራሉ። እድርን የወለደው የኅዳር በሽታ ነው ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን በ1911 ሬሳ በእጁ ላይ የቀረበት ሰው፣ ከዓመታት በኋላ በየወሩ ጥቂት ሳንቲም አዋጥተን ድንኳንና ቃሬዛ እንግዛ ሲባል ለምን ብሎ ሊጠይቅ አይችልም። የእኛ ሰፈር እድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ድስትና ጥሩምባ ነበረው። ጥሩምባ ነፊው ሌሊት በሚነፋ ጊዜ አያቴ ከአልጋቸው ቀና ብለው «ማን ይሆን?» ከማለታቸው በፊት ነጠላቸውን ይፈልጉ ነበር። ዳኛው ያልመጣውን ይቀጣል። ቅጣቱ በዛ ብሎ የሚያጉረመርም ሁልጊዜ ነበረ፤ አባቴም አንዱ ነበሩ።

ጥሩምባው ዝም ያለበትም መፀው አለ። በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ከተወረሰ በኋላ ሰፈሩ በቀበሌ ተከፈለ። የብዙ ድኻ ኪራይ ቀነሰለት፤ ይህ እውነት ነው፤ አይካድም። ከዚያ በኋላ ግን 1970 መጣ። በቀይ ሽብር ወራት ሰዓት እላፊ ታውጆ ከመሸ በኋላ የሚንቀሳቀስ የለም፤ ጠዋት በየመንገዱ ዳር ወረቀት የተለጠፈበት ሬሳ ይገኝ ነበር። ወላጅ ልጁን እንዳያለቅስ ተከለከለ፤ ሬሳውን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የከፈለ አለ። ድንኳኑ ተጠቅልሎ ከመጋዘን ተቀመጠ። በዚያ ዓመት ኅዳር 12 ቀን አያቴ ጥራጊውን እንደ ወትሮው አወጡ፤ ሲያጨሱም ያለወትሯቸው አለቀሱ። ጢሱ ዓይኔን ፈጀኝ ብሎ ማልቀስ አልተከለከለም ነበርና፣ በየደጁ ቆሞ ዓይኑን የሚጠርገውን ሰው ብዛት ዛሬም አልረሳውም።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር ኮሮና ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ደግሞ ሰው በድንኳን ተሰብስቦ እንዳይቀመጥ ታዘዘ። እኔ ያኔ እዚህ ነበርሁ። አገር ቤት የቀረችው እኅቴ በስልክ «ቀባሪው ተራርቆ ቆሞ ቀበርናቸው» ብላ የአንድ ጎረቤታችንን ሞት ስትነግረኝ፣ ወዲያው ያሰብሁት የአያቴን አባት ነው።

ሰፈሩ ራሱም ቢሆን ቋሚ አይደለም። ባለፉት ዓመታት ብዙዎቹ የጭቃ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪው ከከተማው ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ሄዷል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዶሮ ማነቂያና ዙሪያው በኮሪደር ልማት ፈርሷል። በአራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ጥራጊውን የት ያቃጥላል? የበርበሬውስ ሰሌን የት ይዘረጋል? እድሩን ግን ይዘውት የሄዱ አሉ፤ ወር በገባ ቁጥር ሁለት አውቶቡስ ቀይረው መዋጮ ለመክፈል የሚሰበሰቡ።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልመለስ። ዘንድሮ ኅዳር 12 ከመድረሱ በፊት ክርክሩን ብንጨርስ ይሻላል። በዚህ ወር ነፋሱ ከምሥራቅ እንደሚበረታ፣ ጎጆዎቻችንም ምን ያህል እንደ ተጠጋጉ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ቀኑን እንጠብቀው፤ ሁላችንም በአንድ ጠዋት እንጥረግ፤ ጥራጊውን ከውኃ ማከፋፈያው ማዶ ወዳለው ጉድጓድ እናውጣውና አፈር እናልብሰው። በጢሱ የሚጸኑ እናቶች ከጎጆው ውጪ፣ በገል ላይ ትንሽ ወይራ ያጭሱ፤ ልጁም ባልዲውን ይዞ አጠገባቸው ይቁም። እማማ ይህን ሰምተው «እሺ፤ ባልዲውን ግን ራቅ አድርጎ ያስቀምጠው» ብለዋል።

ያቺን ልጅ ከዚያ በኋላ አግኝቻት የአያቴን ታሪክ ነገርኋት። ስትሰማ ቆይታ «አባታቸው ብቻውን እንዴት ተሸከመ? ቃሬዛ እኮ ሁለት ጫፍ አለው» አለችኝ። እኔም በልጅነቴ ይህንኑ ጠይቄ ነበር። ሁለተኛውን ጫፍ የያዘው ከአጥሩ ማዶ የነበረ አንድ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ከመጣ ገና ወር አልሞላውም፤ አማርኛም ብዙ አያውቅም ነበር። አራት ጊዜ መጥቶ ተሸክሟል። አያቴ ስሙን አልጠየቁትም።